አጥር የማይከለክለው ጉዳት
ችላ ስለ ተባለ የጐረቤት ግቢ፤ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ስለ ቤት ንጽሕና ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በአጥር ውስጥ ያለው ነገር ብቻ ነው። ወለሉ ይጠረግ፣ የመጠጥ ውሃው ይከደን፣ መጸዳጃው ይታጠብ፣ ጥራጊው ከግቢ ይውጣ ይባላል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የራሱን ግቢ አጥርቶ የያዘ ቤተ ሰብ ከአጥሩ ማዶ ባለው ግቢ ምክንያት ልጆቹ በንዳድ ሲታመሙበት፣ ጓዳውን አይጥ ሲወርረው፣ ቤቱንም ለመሸጥ ወይም ለማከራየት ባሰበ ጊዜ ገዢው አንድ ጊዜ አይቶ ሳይመለስ ሲቀር ይታያል።

በዚህ ወር ትምህርታችን ችላ የተባለ የጐረቤት ግቢ በጤናና በቤት ዋጋ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ጉዳቱ የሚመጣበትን መንገድ፣ እንዲሁም ጐረቤትነት ሳይፈርስ ነገሩ የሚስተካከልበትን ሥርዓት በተራ እንመለከታለን። ከጽሑፉ መጨረሻ ለትምህርት ቤት የሚሆን መልመጃ ተጨምሯል።

1ኛ፤ ችላ የተባለ ግቢ የትኛው ነው?

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አስተያየት መወገድ አለበት። ችላ የተባለ ግቢ ማለት የድኻ ግቢ ማለት አይደለም። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያውም ያረጀ ቆርቆሮ የሆነ፣ ነገር ግን ደጁ በየጧቱ የሚጠረግ፣ ውሃው የሚከደን፣ ቦዩ የማይደፈን ቤት ንጹሕ ቤት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ትልቅ ፎቅ ሊሠራበት ታስቦ መሠረቱ የተቈፈረ፣ ምሰሶው የቆመ፣ ከዚያም ገንዘብ ሲያልቅ የተተወ ሥራ፣ ጕድጓዱ የዝናብ ውሃ በሞላ ጊዜ ከማናቸውም ጐጆ ይልቅ ለሠፈሩ አደገኛ ይሆናል።

የጤና ባለሙያ የሚመለከተው የሕንጻውን ማማር ሳይሆን ሦስት ነገሮችን ነው፤ እነርሱም የቆመ ውሃ፣ የተከማቸ ቆሻሻና ሊወድቅ የደረሰ ግድግዳ ወይም አጥር ናቸው። ከነዚህ አንዱ ማንም ሳያየውና ሳይነካው ከአንድ ሳምንት በላይ የሚቆይበት ግቢ ችላ ተብሏል ማለት ይቻላል። አንድ ሳምንት የተባለበት ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

2ኛ፤ በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ሀ) የቆመ ውሃ። ብዙ ሰው ትንኝ የምትራባው በረግረግና በወንዝ ዳር ብቻ ይመስለዋል። ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባለው ትንኝ ግን የምትራባው በሰው መኖሪያ አጠገብ ነው። የተጣለ የመኪና ጐማ፣ ክዳን የሌለው በርሜል፣ የተሰበረ እንስራ፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ አልፎ ተርፎም በአንድ ጣሳ ውስጥ የቀረች ጥቂት ውሃ ይበቃታል። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ጥቂት ከፍ ብላ በዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነው። ሙቀት ባለበት አገር እንቁላሉ እጭ ሆኖ፣ እጩም አድጎ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ይበቃዋል። በየሳምንቱ ውሃው የሚደፋበት ግቢ ትንኝ የማያፈራው ስለዚህ ነው። እንቁላሉ ውሃው ቢደርቅም ሕይወቱ ሳይጠፋ ለብዙ ወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ የዕቃውን ውስጥ በብሩሽ ወይም በአሸዋ ማሸት ያስፈልጋል።

ይህች ትንኝ የምታስተላልፈው ደንጊ ትኩሳት በአገራችን በወረርሽኝ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ነው። በዚያችው ከተማ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻና በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ቺኩንጉንያ የሚባለው፣ መገጣጠሚያን እየቈረጠመ ሰውን የሚያስጐነብስ ትኩሳት ተነሥቶ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ታመሙ። በሁለቱም ጊዜ የጤና ሠራተኞች እጩን የፈለጉት በዱር ሳይሆን በየቤቱ በርሜልና በየግቢው ጐማ ውስጥ ነበር።

የወባም ነገር ከቀድሞው ተለውጧል። ከቀድሞ ጀምሮ ወባ የገጠርና የቈላ በሽታ ነው ሲባል ኖሯል። ነገር ግን ከእስያ ወገን የመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኘች። ይህች ትንኝ ከቀድሞዎቹ የምትለየው በከተማ ውስጥ፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ፣ ማለትም በግንብ ገንዳ፣ ሮቶ እየተባለ በሚጠራው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ፣ በግንባታ ጕድጓድና በበርሜል ውስጥ መራባት መቻሏ ነው። በ2014 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ የወባ ወረርሽኝ በበጋ ወራት፣ ዝናብ በሌለበት ጊዜ ተነሣ፤ ምርመራውም ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዞታል። እንግዲህ ያለ ክዳን የተተወ አንድ ማጠራቀሚያ ክረምትን ሳይጠብቅ ሠፈሩን ሊያሳምም ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ በኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ቤከርስፊልድ በምትባለው ከተማ አካባቢ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ብዙ ሰዎች ለቤት መግዣ የተበደሩትን መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን ለቀቁ። የመዋኛ ገንዳዎቹ ጠባቂ አጥተው አረንጓዴ ውሃ ያዙ፤ የትንኝም መፈልፈያ ሆኑ። በዚያ በጋ ዌስት ናይል በሚባለው የትንኝ በሽታ የተያዙት ሰዎች ቍጥር በመቶ 276 እንደ ጨመረ በዚያ የነበሩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። 

ለ) የተከማቸ ቆሻሻ። ባዶ ግቢ ብዙ ሳይቆይ የመንገደኛ መጸዳጃና የሠፈር ጥራጊ መጣያ ይሆናል። ዝንብ እንቁላሏን በቆሻሻው ላይ ትጥላለች፤ በሞቃት ጊዜ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ አዲስ ዝንብ ይበርራል። ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ የምትራባው የዝንብ ዓይነት በሕፃናት ዓይን ላይ እያረፈች ትራኮማን ከልጅ ወደ ልጅ ታደርሳለች። አይጥ ደግሞ መጠለያና ምግብ በአንድነት ካገኘች ከ3 ሳምንት ጥቂት በሚበልጥ እርግዝና በአንድ ጊዜ ብዙ ግልገል ትወልዳለች። መኝታዋ በማዶ ግቢ፣ ገበታዋ ግን በናንተ ጓዳ ይሆናል። ቁንጫዋ ከተስቦ ዓይነቶች አንዱን፣ ሽንቷም ሌላ ከባድ የትኩሳት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ባለቤት የሌላቸው ውሾችም የሚሰባሰቡት ጥራጊ ባለበትና ሰው በሌለበት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታም ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ከዚህም ሌላ እንደ አስተናግር ያለ መርዛማ ተክል በእንደዚህ ያለ ስፍራ በብዛት ይበቅላል፤ ፍሬውን ልጆች ቢበሉት አእምሮን ያስታል፣ ሕይወትንም ሊያጠፋ ይችላል።

ሐ) ሊወድቅ የደረሰ ግንብና የሞላ መጸዳጃ። ያዘመመ አጥር በክረምት አፈሩ ሲርስ በድንገት ይወድቃል፤ ከሥሩም የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ሞልቶ የፈሰሰ የመጸዳጃ ጕድጓድ ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን የውሃ ጕድጓድ ይበክላል። መጸዳጃ ከውሃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ያህል ይራቅ የሚባለው ለዚህ ነው፤ በጠባብ የከተማ ግቢ ግን ይህ ልክ ሲቈጠር ብዙ ጊዜ ከአጥር ማዶ ይደርሳል።

3ኛ፤ በቤት ዋጋ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ይሁን እንጂ ገዢ የሚመጣው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ለመግዛት አይደለም። የሚገዛው ልጆቹ የሚያድጉበትን ስፍራ ነው። ስለዚህ ደላላው ሳሎኑን ሲያሳየው እርሱ በመስኮት ወደ ማዶ ይመለከታል። ከማዶ የተቆለለ ጥራጊ፣ የዛገ ቆርቆሮና ቁጥቋጦ ያየ እንደ ሆነ ከዋጋው የሚቀንሰው ለሽታው ብቻ ሳይሆን «ይህ ነገር መቼ ይስተካከላል? ማን ያስተካክለዋል? ሌባስ ይሸሸግበት ይሆን?» ለሚለው ሥጋቱም ጭምር ነው። ሥጋት ደግሞ እንደ ቆርቆሮና እንደ ሚስማር ዋጋው ተለይቶ አይታወቅም፤ ስለዚህ ገዢው ሁልጊዜ አብዝቶ ይገምተዋል። ተከራይም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ወይ ኪራይ ያስቀንሳል፣ ወይም ክረምት ሲገባ ለቆ ይሄዳል።

ከሥጋቱ ሌላ በቤቱ አካል ላይ በቀጥታ የሚደርስ ጉዳት አለ። ከማዶ በኩል አፈርና ጥራጊ በጋራው ግድግዳ ላይ ሲቆለል ርጥበቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጭቃው ይለሰልሳል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ምስጥ ወደ ቋሚውና ወደ ማገሩ ይገባል። የማዶው አሸንዳ ከተሰበረ የጣሪያው ውሃ በሙሉ በናንተ መሠረት ሥር ይወርዳል። በአንድ ክረምት የማይታይ ጉዳት በአምስት ክረምት ቤትን ያዘምማል።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ የተደረገ አንድ ጥናት ትምህርት ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ 541 ባዶና የተተዉ ቦታዎችን መርጠው በዕጣ በሦስት ወገን ከፈሏቸው። በአንደኛው ወገን ጥራጊው ተነሥቶ ሣርና ጥቂት ዛፍ ተተከለ፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥርም ተደረገ፤ በሁለተኛው ጥራጊው ብቻ ተነሣ፤ ሦስተኛው እንደ ነበረ ተተወ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት፣ ሣር በተተከለባቸው ቦታዎች አጠገብ ከሚኖሩት መካከል የመንፈስ ጭንቀት ይሰማናል የሚሉት፣ ምንም ካልተደረገባቸው ጋር ሲነጻጸር በመቶ 41.5 ቀነሱ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በየዕለቱ ከደጃችን የምናየው ነገር ልባችንንም ያሳምማል ወይም ያሳርፋል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ትልቅ ሕንጻ መሥራት ሳይሆን መጥረግ፣ መትከልና ዝቅ ያለ አጥር ማድረግ ነበር። ይህ በማናቸውም ከተማችን ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

4ኛ፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መፍረድ አይገባም

ሐኪም በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ ጐረቤትም ግቢው ለምን እንደ ተተወ ሳያውቅ ክስ መጀመር አይገባውም። በከተሞቻችን የሚታዩት ምክንያቶች በአብዛኛው አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው እርጅና፣ ሕመም ወይም ችግር ነው። ሁለተኛው የውርስ ክርክር ነው፤ ወራሾች በፍርድ ቤት እየተከራከሩ ቤቱ ለዓመታት ይዘጋል፣ እያንዳንዱም «የኔ መሆኑ ሳይታወቅ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» ይላል። ሦስተኛው ባለቤቱ በውጭ አገር መኖሩ ነው፤ ቁልፉን ለዘመድ ሰጥቶ ሄዷል፣ ዘመዱም ሌላ ከተማ ገብቷል። አራተኛው ገንዘብ አልቆ የተቋረጠ ግንባታ ነው። አምስተኛው የቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከተዛወሩ በኋላ ብዙ ቤቶች ኪራያቸው አነስተኛ ሆኖ ኖረዋል። ተከራዩ «የመንግሥት ነው» እያለ፣ ቀበሌውም «ከኪራዩ ማሳደሻ አይወጣም» እያለ በመካከሉ ቤቱ ያረጃል።

ለነዚህ ለአምስቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሠራም። ለአቅመ ደካማ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው፤ ለወራሾች የሚያስፈልገው ሽማግሌ ነው፤ ለሩቅ አገር ሰው የሚያስፈልገው ፎቶግራፍ ያለበት መልእክትና በቦታው የሚሠራ ወኪል ነው፤ ለተቋረጠ ግንባታ ጕድጓዱን መድፈንና ማጠር ነው፤ ለቀበሌ ቤት ደግሞ ተከራዩና ጐረቤቱ በአንድነት የሚጽፉት ማመልከቻ ነው።

ከጽሕፈት ቤታችን ሥራ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአንድ ሠፈር ስድስት አባወራዎች ስለ አንድ ግቢ ሽታና አይጥ አቤቱታ ይዘው መጡ። ነገሩ ሁለት ዓመት እንደ ሆነው ተናገሩ። ቦታው ድረስ ሄደን ብናይ በግቢው የሚኖሩት ብቻቸውን የቀሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ጥራጊው የርሳቸው አልነበረም፤ ማታ ማታ በወደቀው አጥር በኩል የሚጥለው የሠፈሩ ሰው ነበር። እርሳቸውም ጥራጊውን በየጧቱ በእጃቸው እየዳሰሱ ከደጃቸው ወደ ጥግ ይገፉት ነበር። ከስድስቱ አቤት ባዮች በነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ በራቸውን ያንኳኳ አንድም ሰው አልተገኘም። ነገሩ ለእድሩ ከቀረበ በኋላ ግን ወጣቶች በሁለት እሑድ ጥራጊውን አውጥተው አጥሩን በአዲስ ቆርቆሮ አጠሩት። ክስም ቅጣትም አላስፈለገም።

5ኛ፤ የሚሠራበት ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ከራስ ግቢ መጀመር ነው። አሸንዳችሁን፣ ሮቷችሁን፣ ከቤት ኋላ ያስቀመጣችሁትን አሮጌ ጐማ ተመልከቱ። የራሱ በርሜል እጭ የሚርመሰመስበት ሰው በጐረቤቱ ላይ ቢናገር የሚሰማው የለም።

ሁለተኛ፣ ያዩትን መጻፍ ነው። «ግቢው ቆሽሿል» ማለት ስድብ ይመስላል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። «በሰሜን በኩል ሦስት ክዳን የሌላቸው በርሜሎች አሉ፤ ከሰኔ 5 ቀን ጀምሮ ውሃ ይዘዋል፤ እጭ ይታያል» ማለት ግን ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ከአጥራችሁ ሳትወጡ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቀኑንም ጻፉበት።

ሦስተኛ፣ በአካል ሄዶ መነጋገር ነው። ጧት ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በተረጋጋበት ጊዜ፣ ብቻችሁን ሂዱ፤ በተሰበሰበ ሰው ፊት የተነገረ ነገር ያሳፍራል፣ ያፈረም ሰው ይቈጣል። አነጋገሩ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹ ሰሞኑን በትኩሳት ተኝተውብን ነበር። የጤና ባለሙያዋ ውሃ የያዘ ዕቃ ሁሉ ይደፋ ብላናለች። የኛን ደፍተን ጨርሰናል፤ ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር መጥተን የርስዎንም በርሜሎች እናጥባለን።» በዚህ አነጋገር ውስጥ ወቀሳ የለም፤ ችግሩ የጋራ መሆኑና እርዳታው መቅረቡ ብቻ ይሰማል። አብዛኛው ነገር እዚህ ላይ ያልቃል።

አራተኛ፣ ሽማግሌና እድር ነው። ንግግሩ ሁለት ጊዜ ካልተሳካ በሁለቱም ወገን የሚከበር ሽማግሌ ይግባበት። እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው ቢባልም፣ ሰውን ከመሞቱ በፊት መጠበቅ ከዓላማው የሚቃረን አይደለም። ከወርኃዊው ስብሰባ ላይ የአንድ ቀን የጽዳት ዘመቻ ማስወሰን ይቻላል።

አምስተኛ፣ የመንግሥት አካል ነው። የሠፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በየቤቱ እየሄደች የምታስተምርና የምትመረምር ስለ ሆነች በመጀመሪያ ለርሷ ንገሩ። ከዚያም ለወረዳው ወይም ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፉ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የግቢው አድራሻ፣ የታየው ነገር ከነቀኑ፣ የተደረገው የሽምግልና ሙከራ፣ የሚለመነው ነገር በግልጽ ይጻፍ፤ የብዙ ጐረቤቶች ፊርማ ይኑርበት፤ ገቢ የተደረገበት ቍጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ያዙ።

ሊደረጉ የማይገባቸውን ነገሮችም መጥቀስ ያስፈልጋል። ሳይፈቀድ የሰው ግቢ መግባት በወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ ለማጽዳት እንኳ ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል። የአይጥ መርዝ በአጥር ላይ መወርወር የሰው ልጅና የቤት እንስሳ ይገድላል። ጥራጊን በቦታው ማቃጠልም ፕላስቲክና ጐማ ሲጤስ ሳንባን የሚጎዳ ከመሆኑም በላይ እሳቱ ወደ ቤት ሊዛመት ይችላል። ቆሻሻውን መልሶ ወደ ጐረቤት መጣል ደግሞ ጠብን እንጂ ጤናን አያመጣም።

6ኛ፤ ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1225 ባለሀብት በመብቱ ሲጠቀም የጐረቤቱን ሀብት ከሚጎዳ ከመጠን ያለፈ ተግባር እንዲቆጠብ ያዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንውጽውጽታ እንዳያደርስም ይከለክላል። ልኩ ሲመዘን የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ይታያል። በቍጥር 2077 ደግሞ የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ኀላፊ እንደሚሆን ተደንግጓል። ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ እንዳለበት በቍጥር 2143 ተጽፏል፤ ስለዚህ በሁለተኛው መንገድ የተባለው፣ ቀን ያለበት ማስታወሻ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር መሆን አለበት። ክርክር ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ይወስዳል፤ ትንኟ ግን የምትጠብቀው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ደግሞም ከፍርዱ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በአንድ አጥር ተጎራብተው መኖራቸው አይቀርም።

7ኛ፤ ለመምህራን

ይህን ትምህርት በክፍል ብቻ አትጨርሱት። ተማሪዎቹን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጀምራችሁ አስመርምሩ፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ ራሱ ለጐረቤቶቹ ምን ዓይነት ጐረቤት እንደ ሆነ ይፈትሹ። ከተደፈነ አሸንዳ ወይም ከበርሜል ጥቂት ውሃ በመስታወት ብልቃጥ ቀድታችሁ፣ አፉን በስስ ጨርቅ አጥብቃችሁ አስራችሁ በክፍሉ መስኮት ላይ አኑሩት። እጭ ካለበት ተማሪዎቹ በየቀኑ እየተመለከቱ የሚለወጠውን ይጻፉ። ትንኝ ሆኖ ከመውጣቱ በፊት ግን ውሃው በደረቅ መሬት ላይ ይደፋ። አንድ ልጅ በዓይኑ ያየውን ይህን ነገር ማታ ለእናቱና ለአባቱ ሳይነግር አያድርም።

ልጆቹን ግን ከአንድ ነገር ጠብቋቸው። የጐረቤትን ግቢ እየጠቀሱ ባለቤቱን እንዲያፌዙበት፣ የዚያ ቤት ልጅም በክፍል ውስጥ እንዲያፍር አይሁን። በመልመጃው ላይ የሰው ስም አይጻፍ፤ የሚጻፈው የዕቃው ዓይነትና የውሃው ሁኔታ ብቻ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች፦

1. ውሃ የያዘ ዕቃ በየሳምንቱ መደፋትና መታሸት ያለበት ለምንድር ነው? ውሃውን መድፋት ብቻውን የማይበቃውስ ለምንድር ነው?
2. በከተማ ውስጥ የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ከቀድሞዎቹ የወባ ትንኞች በምን ትለያለች?
3. አንድ ግቢ ችላ የሚባልባቸውን አምስት ምክንያቶች ዘርዝሩ፤ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን መፍትሔም ጻፉ።
4. ከላይ የተጠቀሱት ባልቴት ግቢ የቆሸሸው በማን ምክንያት ነበር? ጐረቤቶቹ በመጀመሪያ ምን ማድረግ ይገባቸው ነበር?
5. በቤታችሁ ግቢ ከሰባት ቀን በላይ ውሃ የያዘ ዕቃ ስንት አለ? ቈጥራችሁ በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ግን ሁሉንም ድፉት።